ከእናትህ ጀሪካን ቀጥሎ

ይድረስ ለልጄ፤

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ጤናህ እንደ ምኞቴ፣ ቤትህም ሰላም ሆኖ ያግኝህ። ያ የጎንህ ውጋት ተሻለህ ወይ? ወንበር ነው ያመጣብህ ብዬሃለሁ። ተነስ፣ ተንጠራራ፣ አልፎ አልፎም በእግርህ ሂድ፤ መኪናው የትም አይሄድብህም። ሚስትህን ሰላም በልልኝ። ትንሿ የልጅ ልጄስ የፊት ጥርሷ በቀለላት? ስለ እኔ አትስጋ፤ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያማርራል እንጂ ሌላው አካሌ ፈጣሪዬን የሚያሳማ አይደለም።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክ አንተ ትቸኩላለህ፤ እኔ ደግሞ አንተ ስትቸኩል ልናገር ያሰብኩትን መልሼ እውጠዋለሁ። ወረቀት ግን «ቆይ አባዬ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ» አይልም። ከስምንተኛ ክፍል ያላለፈ ሰው ጽሕፈት ነውና ስሕተቱን በሆድህ ያዘው። ብቻ ቁጭ ብለህ አንብበው። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምርልህ።

ቦኖው ከደረቀ ሃያ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር። በየጠዋቱ እንደ ልማዴ የቆርቆሮዋን በር እከፍታለሁ፣ ቧንቧውን አዞራለሁ፤ መጀመሪያ ያስለዋል፣ ቀጥሎ ነፋስ ይወጣዋል፣ ከዚያ ጸጥ። እኔም ለተሰበሰበው ሰው «ዛሬም የለም» እላለሁ። ሰፈሩ «ባለ ቁልፉ» እንደሚለኝ ታውቃለህ። ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ ግን የምዘጋ እንጂ የምከፍት አልሆንኩም። አንዷማ «ባለ ቁልፉ፣ ይህን ቁልፍ በከንቱ ከሚሸከሙት ለምን ጥርስዎን አይጎረጉሩበትም?» ብላ ሰው አሳቀችብኝ።

አንተ ቧንቧ እመኝታ ቤትህ ድረስ ከገባልህ ዓመታት ስለሆነ የተራን ሕግ ረስተኸው ይሆናል። እኛ ዘንድ ጀሪካን ሰው ነው። ጀሪካንህን ከሌላው ኋላ ካስቀመጥክ በኋላ ሥራ ሂድ፣ ሐኪም ቤት ሂድ፣ ቀብር ሂድ፣ ቦታህ ቦታህ ነው። የሌላውን ጀሪካን ያንቀሳቀሰ ሰው እንኳን ጎረቤት የገዛ እናቱም አታዝንለትም፤ የራሱ ተነስቶ ወደ ጭራ ይወረወራል። ባለቤቱ ራሱ ካነሳው ግን ተራውን ለቀቀ ማለት ነው፤ ሁለተኛው አንደኛ ይሆናል፣ ሦስተኛው ሁለተኛ። ይህችን የመጨረሻዋን ያዝልኝ።

እናትህ የባለ ቁልፉ ሚስት ሆና ሳለ አንድ ቀን ተራ ዘልላ አታውቅም። ሰው ሳይመጣ ልቅዳልሽ ስላት «ቁልፉ ያንተ ነው፣ ጥሙ ግን የሁላችን ነው» ትለኝ ነበር። ይኸው ከሞተች ሦስት ዓመት፤ እኔም ጀሪካኗን በየጠዋቱ ከሰው ጋር ማሰለፌን አልተውኩም። ለምን ብትለኝ፣ ሰልፉ መሐል ቆማ ከሴቶቹ ጋር የምታወራ ይመስለኛል። ጀሪካኑን ታውቀዋለህ፤ ቢጫው ነው። ጎኑ ምድጃ ነክቶት የቀለጠ ጊዜ አንተ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ላይ ቆርጠህ፣ በጋለ ቢላ አቅልጠህ ጥቁር መጣፊያ ያጣበቅክለት። ያን ቀን ጣትህን አቃጥለህ ሳለ አላለቀስክም። መጣፊያው እስከ ዛሬ ጠብታ አያሳልፍም።

ቅዳሜ ዕለት በአዳራሹ ስብሰባ ተጠራን። የወረዳችን የፓርቲ ሊቀመንበር ስሙን ከእናቱ በቀር የሚጠራው የለም፤ የተጠየቀውን ሁሉ «እናየዋለን» ስለሚል «አቶ እናየዋለን» ሆኖ ቀርቷል። ሴቶቹ ተራ በተራ እየተነሱ ተናገሩ፤ ሕፃናት ሆዳቸውን እየታመሙ ነው፣ አራስ በምን ትታጠብ፣ ሐኪም ቤቱ እንኳ ውሃ ይዛችሁ ኑ እያለን ነው አሉ። እሱ ጻፈ፣ ጻፈ፣ ጻፈና «ሰኞ ጠዋት ቦቴ መኪና ውሃ ይዞ እዚሁ ጽሕፈት ቤታችን በር ላይ ይቆማል፤ ለሁላችሁም ይታደላል» አለ። ልብስ አጣቢዋ እጇን አወጣች። ከቦኖው ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ቤት ከአሮጊት እናቷ ጋር የምትኖረዋ፣ እጇን ሳሙና የላጠው። መቼም አትረሳትም፤ ለሠርግህ የለበስከውን ሸሚዝ አጥባ የተኮሰችው እሷ ናት። «ጌታዬ፣ ሰኞ እኮ ብዙ ነው፤ የትኛው ሰኞ ነው?» አለችው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

በመሳቃቸው አይፈረድባቸውም። አዲሱ የውሃ መስመር ሁለት ጊዜ ሲመረቅ አይተዋል። በመጀመሪያው ምርቃት ሪባን ተቆርጦ፣ ንግግር ተደርጎ፣ ቧንቧው ሲከፈት ነፋስ ብቻ ወጣ። በሁለተኛው ተጠንቅቀው መጡ፤ ከእኔ ቆርቆሮ ቤት ጣሪያ ላይ ውሃ የሞላ በርሜል አስወጥተው በቱቦ ከቧንቧው ጋር አገናኙት። እንግዶቹ ሲደርሱ «ክፈት» ተባልኩ፣ ከፈትኩ፤ ውሃ ወረደ፣ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሳ። ከእንግዶቹ መሐል አንተም ነበርክ። በርሜሉን አላየኸውም፤ እኔም አልነገርኩህም። እናትህ ያን ቀን ተሰልፋ፣ ተራዋ ደርሶ፣ ሳትቀዳ ተመለሰች። «ይሄ ለፎቶ የመጣ ውሃ ነው፣ አይጠጣም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እኛ ሰፈር ፓርቲው «ዝናብ እየዘነበ ነው» ቢል ሰዉ እጁን በመስኮት አውጥቶ ያያል እንጂ አያምንም።

እኔ ግን ቅዳሜ አልሳቅሁም። አመንኩ። ለምን አመንክ በለኝ። ልጄ የሚሠራበት የፓርቲው ቤት መቼም ከላይ እስከ ታች ውሸት አይሆንም ብዬ ነው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ያንን ሰኞ ያመንኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ጸሎቴን አድርሼ የእናትህን ጀሪካን በጽሕፈት ቤቱ በር ፊት አስቀመጥኩ። ጉም ነበር። ብዙም ሳይቆይ አጣቢዋ የልብስ እስር ተሸክማ ስታልፍ አየችኝ። ሸክሟን እዚያው ጥላ ሮጠች፤ ሰማያዊ ጀሪካኗን ይዛ እያለከለከች ተመለሰች። «ጋሼ፣ እርስዎ ካስቀመጡማ ውሃ አለ ማለት ነው» አለችኝ። «እኔ እንጃ ልጄ፣ አለ ነው የተባለው» አልኳት። «የተባለውን ይተዉት፤ እኔ የማየው የተቀመጠውን ነው» አለችና ከእናትህ ጀሪካን ቀጥላ አስቀመጠች። «በሕይወቴ ሁለተኛ ወጥቼ አላውቅም፤ ሄጄ ለእማዬ ልንገራት» እያለች፣ እየሳቀች ሸክሟን አነሳች። ከሷ ኋላ ፀጉር አስተካካዩ መጣ፣ የመድኃኒት ቤቷ ሴት መጣች፣ የጥበቃው ሚስት መጣች። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሰልፉ መድኃኒት ቤቱን አልፎ የትምህርት ቤቱ አጥር ጋ ደረሰ። ሰልፍ ስልህ ሰው የለበትም፤ ሁሉም አስቀምጦ ወደ ሥራው ሄዷል። ጀሪካን ብቻ ነው። እኔ ፓርቲውን አምኜ፣ ሕዝቡ የእናትህን ጀሪካን አምኖ።

ያኔ ነው ደስ ብሎኝ የደወልኩልህ። ሁሉን አጫወትኩህ፤ አንደኛዋ እናትህ መሆኗን፣ ሁለተኛዋ አጣቢዋ መሆኗን፣ የቀለደችውንም ቀልድ። አንተም ሳቅህ፤ «ጥሩ ነው አባዬ» አልከኝ። ነገሩ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ሆነ።

አምስት ሰዓት ላይ ቦቴው በእርግጥ መጣ። ሴቶቹ ከየሥራቸው እየሮጡ ደረሱ። ጥበቃው በሩን ከፈተ፣ ቦቴው ገባ፣ በሩ ተዘጋ። ውሃው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ታንከር ሲንዶለዶል በአጥሩ በኩል እንሰማዋለን። ሲጨርስ ወጣና ከጭራው እየተንጠባጠበ ሄደ። አንዲት አሮጊት ተከትላው ጣቷን ከጠብታው ሥር አድርጋ ግንባሯን ነካች።

ማንም አልጮኸም። ድንጋይ ያነሳ የለም። አጣቢዋ ብቻ ጎንበስ ብላ የጀሪካኗን ክዳን ፈታች፣ አፉን ወደ በሩ አዞረች፣ «ተራችን ነው፤ እንጠብቃለን» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። ከሷ ኋላ ያሉትም ክዳን ክዳናቸውን እየፈቱ ሄዱ። እኔስ? ቆሜ አየሁና እኔም የእናትህን ፈታሁ።

እንዲህ ሆነው አራት ቀን ቆዩ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ በዚያ ሁሉ በተከፈተ አፍ እየገባ ያስጮኸዋል፤ ለቅሶ አይሉት ዘፈን። የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች መስኮታቸውን ዘጉ። አቶ እናየዋለን ጥበቃውን «ይሄን ቆሻሻ አንሳልኝ» ቢለው «ጌታዬ፣ የሰው ተራ እንዴት ይነሳል? ደግሞ አምስተኛው የሚስቴ ነው፤ እኔ እንደሆንኩ ቤቴ መግባት እፈልጋለሁ» አለው። ረቡዕ ዕለት ሊቀመንበሩ ራሱ ድምፅ ማጉያ ይዞ ወጣና «የተከበራችሁ ነዋሪዎቻችን» ብሎ ጀመረ፤ ከፊቱ አንድም ነዋሪ የለም። ፀጉር አስተካካዩ ከደጁ ሆኖ፣ ምላጩን እንደያዘ «ሰውዬው ከተሾመ ጀምሮ ሳያጉረመርም ያዳመጠው ሕዝብ ይሄ ብቻ ነው» አለ። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። እናትህ ከሞተች ወዲህ እንዲያ ስቄ አላውቅም።

ሐሙስ ሊመሽ ሲል አንተ ደወልክ።

ሰላምታ እንኳ አላስጨረስከኝም። «አባዬ፣ የእማዬን ጀሪካን ነገ በጠዋት አንሳ» አልከኝ። ለምን ብልህ «አንሳ ካልኩህ አንሳ፣ አትጠይቀኝ» አልክ። «ሌሎቹስ?» አልኩህ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» እል ነበር። ኋላ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «አንተ የእማዬን ብቻ አንሳ» አልከኝና ዘጋኸው።

አነሳሁ።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ሄጄ ክዳኑን ገጠምኩና ብብቴ ሥር አደረግኩት። ጥበቃው ከመጠለያው አንገቱን አውጥቶ «ባለ ቁልፉ፣ ምነው፣ ተስፋ ቆረጡ?» አለኝ። «የለም፣ ላጥበው ነው» አልኩት። ጠብታ ውሃ በሌለበት ሰፈር ላጥበው ነው አልኩ። እሱም ሽበቴን አክብሮ በምን ውሃ አላለኝም። ስመለስ እግሬ የአጣቢዋን ሰማያዊ ጀሪካን ነካውና፣ ባዶ ነውና፣ ድምፅ ሰጠ። ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር ልበልህ? ልበልህና በውሸቴ ላይ ውሸት ልጨምር? ገብቶኛል ልጄ። በዚህ ሰፈር የተራን ሕግ ከእኔ አብልጦ የሚያውቅ የለም።

ሦስት ሰዓት ላይ ሁለት መኪና መጣ፤ ከኋላቸው የጭነት መኪና። ጃኬት የለበሰ ሰው ወረደና ማንንም ሳይጠይቅ ወደ ሰልፉ ራስ ሄደ። «አንደኛው የማን ነው?» አለ። አጣቢዋ ሸክሟን እንደያዘች ከሰው መሐል ነበረች። «ሰማያዊው የእኔ ነው፤ ግን እኔ ሁለተኛ ነኝ፣ ከፊቴ ሰው ነበረ» አለች። «ማነው ከፊትሽ የነበረው?» አላት።

እኔ ከመድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ቆሜያለሁ፤ ቢበዛ ዐሥር እርምጃ ነው። ቀና ብላ አየችኝ። ባዶ እጄን አየች። የእናትህ ጀሪካን አራት ቀን ተቀምጦ አቧራው ላይ የተወውን ምልክት አየች። ደግማ እኔን አየችኝ።

«አላስታውስም» አለች።

መኪናው ውስጥ አስገቧት። የተሸከመችው እስር መሬት ላይ ተፈትቶ ቀረ፤ የሰው ነጭ ሸሚዝ ነበር። ጀሪካኖቹን እየወረወሩ ጫኗቸው። ሊቀመንበሩን ሰማሁት፣ ለአንዱ ሲያስረዳ፦ «ትዕዛዙ ከላይ ነው፤ አንደኛውን ያዙ፣ የቀረው በራሱ ይበተናል ነው የተባለው።» ሰዉም እውነትም ተበተነ። ከተበተኑት አንዱ እኔ ነኝ።

ይህን የምጽፍልህ እሑድ ነው፤ ከወሰዷት ዘጠኝ ቀን ሆነ ማለት ነው። ዝም አይነቅዝም ሲባል ሰምቼ አደግኩ፤ አንተንም እንዲያ ብዬ አሳደግኩህ። ነቀዘ ልጄ። ሆዴ ውስጥ ነቀዘ። ለጸሎት ስቆም አፌ ይንቀሳቀሳል፣ ጆሮዬ ግን የገዛ ድምፄን አይሰማም። ኅሊናዬ «ዋሽተሃል ወይ?» ሲለኝ «ማን ጠየቀኝ?» እለዋለሁ። መልሱን ከሰጠሁ በኋላ ከየት እንደተማርኩት አስብና አፍራለሁ። የበርሜሉን ጊዜስ ማን ጠይቆኝ ነበር? አቶ እናየዋለንም እኮ ዋሽቶ አያውቅም፤ ያየዋል እንጂ። እሱን ስንቀው የኖርኩት ሰውዬ፣ ለካ ቁልፍ ስለያዝኩ እንጂ ድምፅ ማጉያ ቢሰጡኝ እኔም ያው ነኝ።

አሮጊቷን፣ የአጣቢዋን እናት፣ ማን ይያት? ከታች ካለው ጋራዥ የጉድጓድ ውሃ እየለመንኩ በየቀኑ እወስድላታለሁ። ዓይኗ ደክሟል፤ በእጇ ነው የምታይ። ትናንት ስቀዳላት ጀሪካኑን ለመያዝ እጇን ዘረጋችና ጣቷ መጣፊያው ላይ አረፈ። ዳሰሰችው፣ ደግማ ዳሰሰችው። «ይሄ የባለቤትህ ነው» አለች። አዎ አልኳት። «ሁሉንም በመኪና ጫኑት ሲሉ ሰማሁ፤ ይሄ እንዴት ተረፈ?» አለችኝ። ጀሪካኑን አዘንብዬ መቅዳቴን ቀጠልኩ። እሷ ግን መልስ የምትጠብቅ አልመሰለችም፤ እንደ ጨዋታ አድርጋ ቀጠለች፦ «እኔን የሚገርመኝ ወንድሜ፣ ልጄ ሁለተኛ ወጣሁ ብላ ነበር ሮጣ የመጣችው። ከባለ ቁልፉ ሚስት ቀጥዬ ነኝ ብላኝ፣ ሁለታችንም ስቀን። እንግዲህ እንዴት አድርጋ ነው አንደኛ የሆነችው?»

ውሃውን ግን ተቀብላኝ ጠጣች። እጄን ይዛም መረቀችኝ። ብትረግመኝ በቀለለኝ።

ሌሊቱን ያደረግኩትን ጸሎት አልነግርህም፤ ረጅም አልነበረም።

እስከዚህ ትናንት ጻፍኩና አቆምኩ። ከዚህ በታች ያለውን የምጽፍልህ ዛሬ ሰኞ፣ ከቀትር በኋላ፣ በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ተቀምጬ ነው። የመድኃኒት ቤቷ ሴት በርጩማ አምጥታልኛለች። ጽሕፈቴ ቢጣመም ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለምጽፍ ነው።

ጠዋት የእናትህን ጀሪካን ይዤ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ በመሐል መንገድ ሄድኩ። ጥበቃው ከሩቅ አይቶኝ «ባለ ቁልፉ፣ ታጠበ?» አለኝ። ረስቶታል ብዬ ነበር። «ገና ነው፤ የሚታጠበውስ እዚሁ ነው» አልኩት። ፊቱ ከቀልዱ ወጣ። በሩን ከፈተልኝ። ጀሪካኑን በፊት በነበረበት ቦታ አስቀመጥኩ፣ ክዳኑን ፈታሁና ገባሁ።

ጃኬት የለበሰው ሰው አሁንም አለ፤ የሊቀመንበሩን ክፍል ይዟል። አንደኛው ጀሪካን የእኔ ነው አልኩት። ሳቀብኝ። «አባቴ፣ ማን አሰለፈዎ?» አለኝ። «ሊቀመንበሩ» አልኩት። «የቱ ሊቀመንበር?» ሲል ወደ ደጅ አመለከትኩት፤ «የእናንተው ነዋ! ሰኞ ቦቴ ይመጣል ብሎ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት ተናገረ፤ እኔም አምኜው ወጣሁ» አልኩት። «ከጀርባዎስ ማን አለ?» ሲለኝ «ከጀርባዬ የነበረውን በጭነት መኪና ወስዳችሁታል» አልኩት። ከዚያ በኋላ አልሳቀም። ወረቀት አወጣ።

አጻፍኩት። ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ዓርብ ጎህ ሲቀድ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ሁለተኛ ነበረች፤ አንደኛነቱ የመጣባት በእኔ ነው አልኩ። እሱም ብዕሩን አቆመና «አራት ቀን ሙሉ ሳያነሱ ዓርብን ለምን መረጡ? አንሳ ያለዎ አለ?» አለኝ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ የሰዓቱ ድምፅ ይሰማል። ያቺን የተቃጠለች ጣትህን አሰብኩ። ከዚያ የአጣቢዋን ቃል ተዋስኩ።

«አላስታውስም» አልኩት።

ይህችን የመጨረሻዋን ፈጣሪ በምን እንደሚያያት እኔ አላውቅም። ስለ ውሸቴ ንስሐ ልገባ ሄጄ፣ እዚያው ላይ አዲስ ውሸት ይዤ ተመለስኩ። የቀረውን ግን ሁሉ አንብቤ ፈረምኩበት። እንግዲህ ልጅቷን ልቀቋት ስለው «በእኔ እጅ አይደለም፤ ወረቀቱ ወደ ላይ ይሄዳል፣ እንድትፈታ ከላይ ካልተፈረመበት አትወጣም፤ እርስዎም እስኪወሰን ከዚህ እንዳይርቁ» አለኝ። «ላይ ላይ ትላላችሁ፤ እኔ ሰማይን ነው የማውቅ፤ የእናንተ ላይ የት ነው?» አልኩት። የሽማግሌ ጥያቄ መስሎት በትዕግሥት አስረዳኝ። ከተማ፣ የበላይ ጽሕፈት ቤቱ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ በስተግራ ሦስተኛው በር።

በሩን አውቀዋለሁ። ባለፈው ዓመት ጫማዬን ሁለት ጊዜ ጠርጌ ገብቼበታለሁ፤ ሻይ አስመጥተህልኛል።

ስወጣ እዚሁ ልቀመጥ ብዬ ከጀሪካኑ አጠገብ መሬት ላይ አረፍኩ። ሰው ከየበሩ ያየኛል፤ የሚጠጋኝ ግን የለም። ያነሳሁ ጊዜም ያዩኝ እንደነበሩ አሁን ገባኝ፤ ዐሥር ቀን ሙሉ ሁሉም ያውቅ ነበር። ቀድማ የመጣችው የጥበቃው ሚስት ናት። ጀሪካኗን ስለወሰዱባት ባልዲ ይዛለች። ባልዲውን ከእናትህ ጀሪካን ኋላ ልታስቀምጥ ጎንበስ አለችና ቆም ብላ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች፤ አንድ ጀሪካን የሚያህል ቦታ ትታ አስቀመጠች። «ተራዋ ነው» አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ፀጉር አስተካካዩ ሳፋ አመጣ። ማሰሮም፣ ድስትም፣ የሕፃን መታጠቢያም መጣ። ይኸው ይህን ስጽፍልህ መድኃኒት ቤቱን አልፏል። ከእናትህ ጀሪካን ቀጥሎ ያለችውን ያችን ባዶ መሬት ግን ማንም አልረገጣትም፤ ሕፃናቱ እንኳ እየዞሯት ነው የሚሮጡት።

ወደ ከተማ የሚሄደው የአውቶቡስ ሹፌር ሊነሳ ነው። ይህን ወረቀት በእጁ ልስጠው፤ ነገ ጠዋት ቤትህ ያደርስልሃል። የእነሱ ወረቀት ረቡዕ ነው የሚደርስ አሉ። በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ቃል ሥር የእኔን ፊርማ ድንገት አይተህ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው ማስቀደሜ። ሐሙስ ዕለት ስትደውልልኝ የዓርቡን ከየት አወቅህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ልጄ ስለሆንክ አሰብክልኝ፣ ይህን አልክድም። ብቻ ያቺም የሰው ልጅ ናት፤ እናቷ በእጇ እየዳሰሰች ትጠብቃታለች።

ልጄ፣ ፈጣሪ ልብህን ያለስልስልህ። እጅህ የሚፈርመውን ይባርክልህ። ለልጅህ የምትነግራት እንጂ የምትደብቃት ቀን አይስጥህ። የእናትህ አምላክ ከፊትህም ከኋላህም ይሁን። ረቡዕ ያ ወረቀት ጠረጴዛህ ላይ ሲቀመጥ ወንበርህ ላይ ብዙ አትቆይ፤ ተነስ፣ ተንጠራራ፣ በመስኮት ተመልከት። ጎንህን የሚወጋህ ወንበሩ ብቻ ላይሆን ይችላል።

እኔ እዚሁ ነኝ፣ በቦታዬ። አላነሳም።

ተራውን የሚጠብቀው
አባትህ